የማይሞተው አፍቃሪ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁንና ሐረጎ ላይ ሲደረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ከኋላ ይቀርና የደሴ ብርድ በሚኒባሱ መስኮት ይገባል። ተሳፋሪው ጋቢውን የሚያስተካክለው በዚህ ጊዜ ነው። በቅርቡ በዚሁ መንገድ ስጓዝ አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ግን ብርዱንም ጥምዝምዙንም ልብ አላለችም። አንገቷን ደፍታ ከስልኳ ላይ መጽሐፍ ታነባለች። ደሴ ስንገባ ቀና አለችና ዓይኗን ጠረገች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም። መጽሐፉ ነው» አለችኝ።

መጽሐፉ «ትዋይላይት» የሚባለው ነው። አሜሪካዊቷ ስቴፈኒ ሜየር በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ከነተከታዮቹ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ፣ በኋላም ፊልም የሆነ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ከአንድ ወጣት ጋር ፍቅር ይይዛታል፤ ወጣቱ ግን ሰው ሳይሆን ደም መጣጭ ነው፤ ፈረንጆቹ ቫምፓየር የሚሉት። የእህቴ ልጅ ከዚህ በፊት በቴሌግራም ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ የሚለቀቀውን፣ ጂኒ ያፈቀራትን ልጃገረድ ታሪክ በአማርኛ ስትከታተል አይቻለሁ። ስለዚህ አልገረመኝም። ለቀልድ ያህል ግን፦

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያስለቅስሽ? አፍቃሪው እንኳ ሰው አይደለም» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነህ ጋሼ። ግን አይሞትም» አለች።

በዚያች ሰዓት ሳቅሁ። ውሎ ሲያድር ግን ሳቄ አሳፈረኝ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ሐፍረት ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አንባቢን ያረካሉ? ጥያቄውን ለጎልማሳ ሰው ያቀረባችሁ እንደሆነ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ማስቲካ ናቸው፤ ይታኘካሉ እንጂ አይዋጡም» ይላችኋል። ማስረጃም አያጣም። አንዱን የጨረሰች ልጅ ወዲያው ሁለተኛውን ትፈልጋለች፤ ሁለተኛውን ስትጨርስ ሦስተኛውን። የጠገበ ሰው ሌላ ሳህን ይጠይቃል ወይ? ክርክሩ ጥንታዊ ነው። በፕላቶን «ጎርጊያስ» ውስጥ ሶቅራጥስ ምኞቱን ሲሞላ የሚኖረውን ሰው ቀዳዳ እንስራ ውኃ ለመሙላት ከሚደክም ሰው ጋር ያመሳስለዋል። እንስራው አይሞላም፤ ሰውየውም አያርፍም።

በበኩሌ ለብዙ ዘመን ከዚህ ወገን ነበርኩ። ነገሩን ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ክርክሩ የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። እስቲ ቡናን እናስብ። አቦሉን የጠጣ ቶናውን ይጠብቃል፤ ቶናውን የጠጣ በረካውን ሳይቀምስ አይነሳም፤ በማግስቱም ጀበናው መልሶ ይጣዳል። በዚህ ምክንያት «ቡና አያረካም» የሚል የደሴ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድን ነገር ደግሞ መፈለግ አለመርካት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴ እንዲያውም የመርካት ምልክት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ስላስናፈቀ ብቻ ልንፈርድበት አንችልም።

«ሊሆን የማይችል ነገር ነው የሚያወራው» የሚለው ሁለተኛው ክስስ? እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ምስክር ይሆንብናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ውብ ልጃገረድ ያለችበት፣ አጋጣሚ በአጋጣሚ ላይ የሚደራረብበትና መከራው ሁሉ በሠርግ የሚያልቅበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ ሲታተም የተሰጠው ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። የድርሰቱ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እንግዲህ ልብ የወለደውን «ለምን ዓይን አላየውም?» ብሎ መክሰስ ከስሙ ጋር መጣላት ነው።

ሦስተኛው ክስ «የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚለው ነው። ይህኛው ከሁሉ ይልቅ ያስቀኛል። ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ያሳተመው በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ዘመን የእኛ አገር ሰው ማታ ወደ ጅብነት ይለወጣል ስለሚባለው ቡዳ እያወራ ልጆቹን ያስፈራራ ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ የእኛ ጅብ ጎረቤታችን መሆኑ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን «ቡዳ» ብለን ማረሻና ድስታችንን ከእነርሱ እየገዛን፣ ልጃችንን ግን ለእነርሱ ልጅ አንሰጥም ብለናል። «እሱ እኮ ሰው አይደለም» የሚለው ቃል ለእኛ የልብ ወለድ ቃል አልነበረም፤ ከሽማግሌዎች አፍ በእውነት የወጣ፣ በእውነት የተዋደዱ ሰዎችን የለያየ ቃል ነው። እኔም በሚኒባሱ ውስጥ ለእህቴ ልጅ በቀልድ የደገምኩላት ይህንኑ ነበር።

ሰውን የሚወድ መንፈስም ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። በወሎ እናቶቻችን ቡና አፍልተው፣ ዕጣን አጭሰው የሚያወሩት ይህንኑ ነበር። ቆንጆ ልጅ በቀትር ብቻዋን ወንዝ ትወርዳለች፤ ዛር ያያታል፤ ይወዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው አልሰጥም ይላል። ትዳሯ ሳይጸና ሲቀር ሰው «ዓይነ ጥላ አለባት» ይላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ከባለ ዛሮቹ ጋር ተቀምጦ ያየውን በ1958 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ነገሩ ተመልካቹም ተዋናዩም ከልብ የሚኖሩት ቴአትር መሆኑን አስረድቷል። «እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ» እያለች ዓይኗን የምትጠርግ አንባቢ ከዚህ ብዙ አትርቅም።

ነገር ግን በእናቶቻችን ወሬና በዛሬው መጽሐፍ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እሱም ዋጋ ነው። የእኛ ዛር ፍቅሩ በነጻ አይደለም። የሰፈረባት ሴት «ፈረሱ» ትባላለች፤ ይጋልባታል ማለት ነው። ልብስ ይጠይቃል፣ ሽቶ ይጠይቃል፣ ይህን ዓይነት ቀለም ያለው ዶሮ አምጡ ይላል፤ ጤናዋን ይወስዳል፤ ዕድሜ ልኳን ትገብርለታለች። ባሏ የማይሰማትን ሴት በዛሩ አንደበት እንድትሰማ ማድረጉ እውነት ነው፤ ለዚያች ለመሰማቷም ግን ትከፍላለች። በእነ «ትዋይላይት» ዓለም ግን ከሳቡ መጨረሻ ላይ ተሰርዞ ይገኛል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው በአራተኛው መጽሐፍ ልጅቱ ራሷ ደም መጣጭ ትሆናለች። አባቷን ታጣለች ብለን ስንፈራ አታጣም። ልጅ አትወልድም ስንል ትወልዳለች። ሊዋጋ የመጣው ሠራዊት እንኳ ሳይዋጋ ይመለሳል። ፍቅረኞቹ ይህ ነው የሚባል ዋጋ ሳይከፍሉ ለዘላለም ይኖራሉ።

«ያው፣ አያረካም ያልነው ለዚህ ነው» ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ዕዳ የሌለበት ደስታ ውኃ እንደበዛበት ጠላ ነው፤ ሆድ ይነፋል እንጂ ሞቅ አያደርግም ብዬ ልደመድም። ፍርዴን ከመስጠቴ በፊት ግን ልጅቱ የምትወደውን መጽሐፍ ራሴ ላንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። ያላሰብኩትን ነገርም አገኘሁ።

ያ የማይሞት ወጣት፣ ኤድዋርድ የሚባለው፣ ሰው የነበረበት ዘመን አለው። በ1918 እ.ኤ.አ. ቺካጎ በምትባለው ከተማ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በወረርሽኝ ተይዞ ይሞት ነበር። አባቱ ሞቷል። እናቱም በዚያው በሽታ ተይዛ ልትሞት ስትል ሐኪሙን ልጄን አድንልኝ ብላ ትለምነዋለች። ሐኪሙ ራሱ ደም መጣጭ ነው፤ ልጁንም በሚያውቀው ብቸኛ መንገድ ያድነዋል። ያን ወረርሽኝ ፈረንጆች የእስፓኝ ጉንፋን ይሉታል። እኛ ደግሞ የኅዳር በሽታ እንለዋለን።

አዎን፣ ያው የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ የሚገመተው፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው የተረፉበት በሽታ። ኅዳር 12 ቀን ሲመጣ በየሰፈሩ ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ ነው። የዚህ አፍቃሪ መነሻው እንግዲህ አንዲት እናት በሞት አፋፍ ላይ ሆና ያቀረበችው ልመና ነው። በዚያ ኅዳር እዚህ አገር ስንት እናት ይህንኑ ለምና ሳይሰማላት ቀርቷል? ደራሲዋ «ተሰማላት» ብላ ጻፈች። የመቶ ሚሊዮኖቹ መጻሕፍት ታሪክ ከዚህ «ተሰማላት» ይጀምራል።

«አይሞትም» ያለችኝ ልጅ መጽሐፉን ከእኔ ይልቅ በደንብ አንብባዋለች ማለት ነው። እኔ ጥርሱንና ደሙን ስመለከት እርሷ መቃብሩን አይታለች።

የት ሆና እንዳየችም አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከተሞቹ በህወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተው መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። የዚያ ዓመት ኅዳር 12 በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ዋለ። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ 13 ዓመቷ ነበር። በዚያ ወር ያጣችው ሰው አለ። የቤተሰብ ነገር ስለሆነ ማንነቱን እዚህ አላነሳም፤ እኛም በቤታችን ስሙን አንስተን አናውቅም ነበር። ትልልቆቹ «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» አልን። ይህ አባባል በደሴ አዲስ አይደለም። ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ወላጆቻቸውን ለቀበሩ ልጆችም፣ በቀይ ሽብር ወንድሞቻቸውን ላጡም ያው ነው የተባለው።

ታዲያ እንዲህ ያለች ልጅ የማይሞት አፍቃሪ ቢያምራት ምን ይፈረድባታል? የምትፈልገው መሳሙን ብቻ መስሎን እንነቅፋታለን። እርሷ ግን የምትፈልገው ሄዶ የማይቀር ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ከመጽሐፍ ሒስ ወጥቶ የምግባር ጥያቄ የሚሆነው፦ እውነት ባልሆነ ነገር መጽናናት መታለል ነው ወይ? አጽናኙስ ዋሽቷል ይባላል?

ወሎ ውስጥ ለዚህ የሚረዳን ቃል አለ፤ «አብሽር»። ለሴት «አብሽሪ»። እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው «አብሽር» ይባላል፤ ልጇ ለሞተባት «አብሽሪ»። ቃሉ በቁሙ ደስ ይበልህ እንደማለት ነው። ቤቱ በተቃጠለበት ሰው ፊት «ደስ ይበልህ»! ሆኖም ይህን ያለውን ጎረቤት ውሸታም ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ምክንያቱም «አብሽር» ስለ ዓለም የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም። «ቤትህ አልተቃጠለም» አይልም። «እኔ እዚህ ነኝ» ነው የሚለው። እንዲያ ያለው ሰው ደግሞ ቃሉን ተናግሮ አይሄድም፤ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ያድራል፣ የሟቹን ስም እየጠራ ያስለቅሳል።

ስለዚህ «አብሽር» ሁለት ነገር አለው፦ ቃሉና መቀመጡ። የማይሞተው አፍቃሪ መጽሐፍ ለአንባቢዋ ቃሉን ይሰጣታል። ይህን አልንቅም፤ አንድ ሌሊት በሰላም ለማደር ቃሉ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። የሚጎድለው መቀመጡ ነው። ምክንያቱም ይህ መጽሐፍ የሚያጽናናው ሞትን በመሰረዝ ነው። ሞት በተሰረዘበት ቤት ደግሞ ለአንባቢዋ ሟች የሚሆን ቦታ የለም። ለዘላለም ከሚኖሩት ውቦች መካከል ያቺ ልጅ በኅዳር ያጣችውን ሰው የት ታስቀምጠው? እርሱ ጥርስ የነከሰው ደም መጣጭ አልመጣለትም። መጽሐፉን ስትዘጋ ሰውየው በር ላይ እንደቆመ ነው። ሌላውን መጽሐፍ ወዲያው የምትከፍተውም፣ እንደ ቡና ስለጣማት ብቻ ሳይሆን፣ በሩ ላይ የቆመውን ላለማየት ጭምር ይመስለኛል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ርእሱ ራሱ የፍቅርን ልክ ተናግሮ ነበር፤ እስከ መቃብር። በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌልም ትሞታለች። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ያለቀሰው ይህን እያወቀ ነው። ያ መጽሐፍ ማንንም አላዳነም፤ ዕዳም አልሰረዘም። ነገር ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ለሐዘንተኛ የሚሆን ሰፊ ቦታ አለ። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ሟች ይዞ ገብቶ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። እንደ ወጉ ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«አንተ ግን ጋሼ፣ እሱን አንብበህ ስትጨርስ ረካህ?» አለችኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልረካሁም። በ18 ዓመቴ ሳነበው ተናድጄ መጽሐፉን ወርውሬዋለሁ። በዛብህ ለምን ይሞታል ብዬ ደራሲውን ረግሜያለሁ። እስካሁንም ግን ከውስጤ አልወጣም።

«እንግዲያው የኔ ያረካል፣ ያንተ አያረካም ማለት ነዋ» አለች እየሳቀች።

ምናልባት እርሷ ትክክል ትሆናለች። ምናልባት «ያረካል ወይ?» ብለን መጠየቃችን ነው ስሕተቱ። ጥም የሚቆርጥ መጽሐፍ አለ፤ ጥምን ከሰው ጋር የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ደግሞ አለ፤ ሰው በዕድሜው ሁለቱም ያስፈልጉታል። ወጣቱ የመጀመሪያውን ብቻ ያነባል ብለን ስንወቅስ፣ ሁለተኛውን በእጁ ያላስቀመጥንለት እኛ መሆናችንን መርሳት የለብንም። እኛ «ትረሳዋለች» ብለን ዝም ባልንበት ጊዜ ያች አሜሪካዊት ሴት በርቀት ሆና «አብሽሪ» ብላታለች። ዝም ያለ ዘመድ የተናገረውን ባዕድ ሊነቅፍ አይገባውም።

በመጨረሻ ተዋዋልን። እኔ ሁለተኛውን የእርሷን መጽሐፍ ላነብ፣ እርሷ ደግሞ የእኔን። ሁለት ሳምንት ያህል ድምፅዋ ጠፋ። አንድ ምሽት ስልክ ደወለች። በዛብህ መሞቱን ነገረችኝ፤ ልክ እኔ እንደማላውቅ። ከዚያ ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቤታችን ያልተጠራውን ስም ጠራች። ስለ እርሱ አንድ ሰዓት ያህል አወራን።